አምስቱ ወንበሮች

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ላደግን ሰዎች፣ ተቃዋሚ ፓርቲ ሹመት ተቀበለ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብን ጥያቄ «በስንት ተገዛ?» የሚል ነው። ጊዜው የጦርነት ከሆነ ደግሞ ሌላው ወገን «አገር ስትደፈር ምን ተቃዋሚ አለ!» ብሎ አፍ ያስይዘናል። እኔ ሦስተኛ ጥያቄ አለኝ፦ የተሰጠው ወንበር የተቀመጠው የት ነው?

ለዚህ የ1940ዋን እንግሊዝ የሚያህል ትምህርት ቤት የለም። (ካልገለጽኩ በቀር ዘመኑ የፈረንጆቹ ነው።)

ፓርላማው የኖርዌይን ዘመቻ ውድቀት ለሁለት ቀን ተከራክሮበት ሜይ 8 ድምፅ ሰጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን 281 ለ200 አሸነፉ። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ከ30 በላይ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ተቃውመዋቸው፣ ከ200 በላይ የነበረው የድምፅ ብልጫቸው ወደ 81 ወርዷል። በማግስቱ የሌበር ፓርቲውን መሪ ክሌመንት አትሊን ጠርተው በእርሳቸው ሥር መንግሥት ውስጥ ይገቡ እንደሆነ ጠየቁ።

አትሊ ሹመቱን ዘለው አልያዙም። ፓርቲያቸው ቦርንማውዝ ከተማ ላይ ለጉባኤ ተሰብስቦ ስለነበር ሄደው አማከሩ። መልሱ ሜይ 10 በስልክ መጣ፦ በቻምበርሌን ሥር አንገባም፤ በሌላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥር ግን እንገባለን። ያን ዕለት ንጋት ላይ ሂትለር ሆላንድንና ቤልጂየምን ወርሯል። «ጦርነት ነውና ዝም ብለን እንግባ» ለማለት ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም ነበር። አላሉም። ቻምበርሌን ለቀቁ፤ ዊንስተን ቸርችል ተተኩ።

የቸርችል የጦር ካቢኔ አምስት ወንበር ብቻ ነበረው። ሌበር በ1935ቱ ምርጫ ያገኘው ከ615 መቀመጫ 154ቱን፣ ማለትም ሩቡን ነበር። ከአምስቱ ወንበሮች ግን ሁለቱ ለአትሊና ለምክትላቸው ለአርተር ግሪንውድ ደረሱ። የሠራተኛ ሚኒስቴር ደግሞ ያኔ የፓርላማ አባል እንኳ ላልነበሩት የሠራተኛ ማኅበር መሪ ለኧርነስት ቤቪን ተሰጠ። ሠራተኛን ወደሚፈለግበት ሥራ የማዘዝ ሥልጣን በሠራተኛ ማኅበር መሪ እጅ ሲገባ አስቡት!

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መጣ። ጦሩ ደንከርክ ላይ ተከቦ ሳለ፣ ከሜይ 26 እስከ 28፣ የጦር ካቢኔው ደጋግሞ ተሰበሰበ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ በሙሶሊኒ አማላጅነት የሰላም ዕድል ይሞከር አሉ። ቸርችል አልተቀበሉትም። ቻምበርሌን ሲወላውሉ፣ ከቸርችል ጎን የቆሙት ሁለቱ የሌበር ሰዎች ነበሩ። ሪባን የሚቆረጥበት መሥሪያ ቤት ተሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ድምፃቸው ከዚያ ክፍል አይደርስም ነበር።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። እኚሁ ሃሊፋክስ በሜይ 1938 ጄኔቫ ላይ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት፣ አባል አገሮች ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ይዞታ ለማወቅ ነፃ ይሁኑ ብለው የተከራከሩ ናቸው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር እንግሊዝ ወረራውን አወቀች። በ1940 ከሙሶሊኒ ጋር ድርድር ተከፍቶ ቢሆን፣ ለንደን ለስደተኛው ንጉሥ ጦር ታሰልፍ ነበር ብሎ ማመን ይከብዳል። ድርድሩ ቀረ፤ ጁን 10 ኢጣሊያ ጦርነት አወጀች፤ በዚያው ወር መጨረሻ ንጉሡ ከእንግሊዝ ተነስተው በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን አመሩ። በየዓመቱ የምናከብረው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በአርበኞቹ ደም የመጣ ነው። ግን የለንደኗ ክፍል በር በሌላ በኩል ቢከፈት፣ መንገዱ ይረዝም ነበር።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ጥምረቱ እስኪያበቃ ጠቅላላ ምርጫ አልተካሄደም፤ ትልልቆቹ ፓርቲዎችም በማሟያ ምርጫ ላለመፎካከር ተስማምተው ነበር። መራጩ ለዓመታት አማራጭ አጣ። ጀርመን ስትሸነፍ ግን ሌበር ወንበሩ ላይ ተጣብቆ አልቀረም፤ ከጥምረቱ ወጥቶ በጁላይ 1945 ምርጫ ቸርችልን ገጠመና 393 መቀመጫ አገኘ።

እንግዲህ ተቃዋሚ ተሾመ ሲባል የማዕረጉን ርዝመት ትተን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ከመግባቱ በፊት እምቢ ማለት ይችል ነበር? ወሳኙ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ኮሪደር ላይ? ወጥቶስ መወዳደር ይችላል? ሦስቱም መልሳቸው «አይችልም»፣ «ኮሪደር»፣ «አይችልም» ከሆነ፣ የተሾመው ሰውዬው ነው፤ ፓርቲው ተሽሯል።