ቅኔ ቤቱ የሚያውቀው፣ ፕላዝማው የረሳው

የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1990ዎቹ ማብቂያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲመጣ፣ የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያልፋል። ከእኛ የመለሰ የለም። መምህራችን ጥግ ይዘው ያያሉ።

በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ ነበር። ታዲያ ስምንት ዓመት ተምረን ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ለምን አቃተን?

መልሱ ከፕላዝማው በፊት ለዘመናት የኖረው ቅኔ ቤት ውስጥ አለ። ግእዝም ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። ተማሪው ግን ሰዋስው ሸምድዶ አይቀርም። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከእሱ ለበለጠው ተማሪ፣ ለአስነጋሪው፣ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግስቱ አዲስ ይዞ ይመጣል።

የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ይህ በጀት አይጠይቅም። እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ከራሱ ሕይወት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍና ጮክ ብሎ ያንብብ። ጎበዝ ጎበዙ እንደ አስነጋሪ የአምስት ጓደኞቹን ይስማ፤ እናንተ የከበደውን አርሙ። ሁለቱ ሲቀና ሦስት፣ ከዚያ አንቀጽ ይሁን። ክፍሉ ሰባ ተማሪ ቢይዝም ይሠራል፤ የኔታም ያን ሁሉ ተማሪ ብቻቸውን አላስተማሩም።