የቺያንግ ማይ ስምምነት ምንድነው? ቻይናስ ከእስያ ቀውስ ምን አተረፈች?

ቻይና አሁን ያላትን ጉልበት ሁሉ በፋብሪካ ብቻ ያገኘችው የሚመስለው ብዙ ነው። የጎረቤቶቿ ኪስ ባዶ የሆነባቸው ቀናትም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገሩን ከታይላንድ እንጀምረው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1997 ታይላንድ ባህት የተባለውን ገንዘቧን ከዶላር ጋር አስራ መያዝ አቃታትና ለገበያ ለቀቀችው። አንድ ዶላር 25 ባህት አካባቢ ነበር፤ በጥር 1998 ከ50 በላይ ገባ። እሳቱ ወደ ኢንዶኔዢያና ደቡብ ኮሪያ ተዛመተ። አይኤምኤፍ ብድር ይዞ መጣ፤ ግን በጀት ቀንሱ፣ ባንክ ዝጉ የሚል ቅድመ ሁኔታም አብሮ ነበር። የኢንዶኔዢያው ፕሬዝዳንት ሱሃርቶ አጎንብሰው ሲፈርሙ፣ የአይኤምኤፉ ኃላፊ ሚሼል ካምደሱ እጃቸውን አጣጥፈው ከላያቸው የቆሙበት ፎቶ እስያ ውስጥ እስካሁን አልተረሳም። ሱሃርቶም ከአራት ወር በኋላ ከሥልጣን ወረዱ።

ቻይናስ? ያኔ ገና ሀብታም የምትባል አገር አልነበረችም። ሁለት ነገር አደረገች። ለታይላንድ 1 ቢሊዮን ዶላር አዋጣች፤ አሜሪካ በዚያ መዋጮ ውስጥ አልነበረችም። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ዩዋንን አላዳከመችም። የጎረቤቶቿ ዕቃ በረከሰበት ሰዓት እሷም ገንዘቧን ብታረክስ ኖሮ ሌላ ዙር ውድቀት ይመጣ ነበር። በዶላር 8.28 ላይ አጥብቃ ያዘችው። በእርግጥ ለራሷም ስትል ነው፤ ግን ጎረቤቶቿ ውለታ ቆጠሩላት።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው ዓመት ጃፓን «የእስያ የገንዘብ ፈንድ እናቋቁም» ስትል አሜሪካና አይኤምኤፍ ተቃወሙ፣ ቻይናም አልደገፈችም። የጃፓንን መሪነት ስላልፈለገች ነው ብለን እናስባለን። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በግንቦት 2000 ቺያንግ ማይ በምትባል የታይላንድ ከተማ አሥሩ የአሲያን አገራት ከቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ጋር በችግር ጊዜ ዶላር ለመደጋገፍ ሲስማሙ ቻይና ገባችበት። የአገራት ዕቁብ ነው በሉት፤ ልዩነቱ ዕጣው የሚወጣው ለተቸገረ ብቻ መሆኑ ነው።

2008 ሌላ ቀውስ መጣ። ኮሪያ ዶላር ሲያጥራት ወደዚህ ዕቁብ አልሄደችም፤ አብዛኛውን ብድር ለማግኘት መጀመሪያ ከአይኤምኤፍ ጋር መስማማት ግድ ነበር፣ ኮሪያውያን ደግሞ ያንን ስም መስማት አይፈልጉም። ከአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ 30 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ልውውጥ ተፈራረመች፤ ቀጥላ ከቻይና 180 ቢሊዮን ዩዋን።

በ2010 መዋጮው አንድ ላይ ተጠቃሎ 120 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። ድርሻ ላይ ግን ፉክክሩ ጦዘ። መጨረሻ ላይ ጃፓን 32 በመቶ፣ ቻይናም 32 በመቶ፤ የቻይናው ግን ሆንግ ኮንግን ደምሮ ነው። ሁለቱም «እኩል ነን» ወይም «አንደኛ ነኝ» ብለው አገራቸው መግባት ይችላሉ፣ ብልጥ ሒሳብ ነው! በኋላ ወደ 240 ቢሊዮን አደገ። የሚገርመው፣ እስካሁን አንድም አገር ከዚህ ቋት ተበድሮ አያውቅም።

ቻይና ታዲያ ሌላ በር ከፈተች። በአይኤምኤፍ ድምጿን ከፍ የሚያደርገው የ2010 ማሻሻያ በአሜሪካ ኮንግረስ እስከ 2015 መጨረሻ ሲጓተት፣ የእስያ መሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ባንክን አቋቋመች። በጥር 2016 ሥራ ጀመረ፤ ካፒታሉ 100 ቢሊዮን ዶላር ነው። ትልልቅ ውሳኔዎች 75 በመቶ ድምፅ ይፈልጋሉ፣ ቻይና ብቻዋን 26 በመቶ ገደማ ይዛለች። ያለ እሷ ፈቃድ አያልፉም ማለት ነው። ኢትዮጵያም የባንኩ አባል ናት።

ለእኛ ደግሞ ከዚህም ይቀርባል። ኢትዮጵያ በ2021 የዕዳ ሽግሽግ ስትጠይቅ የተቋቋመውን የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ በጋራ የመሩት ፈረንሳይና ቻይና ናቸው። በሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ብድሩን ያጸደቀው ግን ያው አይኤምኤፍ ነው፤ 3.4 ቢሊዮን ዶላር።