«የዓለም» የሚለው ቃል የበላው ውድድር

ቴኒስ አውቃለሁ የሚል ጓደኛ ካላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። «ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት በፓሪስ የሸክላ ሜዳ ላይ ንጉሡ ማን ነበር?» በሉት። ስልኩን አውጥቶ የፍሬንች ኦፕንን የአሸናፊዎች ዝርዝር ይፈልግና «ማክስ ደኩዢ» ይላችኋል። ሰውዬው በነጠላ ስምንት ጊዜ አሸንፏል፤ 1912፣ 1913 እና 1914ም አሉበት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ዝርዝሩ አልዋሸም። ነገር ግን በነዚያው ሦስት ዓመታት፣ በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ዓይነት ሜዳ ላይ ሌላ ውድድር ነበር፤ ደኩዢ ደግሞ የዚህኛውን የነጠላ ዋንጫ አንድም ጊዜ አላነሳም። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እሱ ያሸነፈው ውድድር የፈረንሳይ ክለብ አባል ያልሆነ የማይገባበት ነበር። ሌላኛው ግን ከየትም አገር ለመጣ ተጫዋች ክፍት ነበር። እንግዲህ አንዱ የቤተሰብ ጨዋታ፣ ሌላው የዓለም ሻምፒዮና ማለት ነው። የታሪክ መዝገብ የቤተሰቡን አስቀርቶ የዓለሙን ጣለው።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው፤ ስሙ ራሱ ያሳስታልና። ውድድሩ በእንግሊዝኛ «ወርልድ ሀርድ ኮርት ቻምፒየንሺፕስ» ይባል ነበር። ዛሬ «ሀርድ ኮርት» ሲባል ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው የዩ.ኤስ. ኦፕን ሰማያዊ ሜዳ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ግን ከሣር ውጭ ያለውን የደጅ ሜዳ ሁሉ «ሀርድ» ይሉት ነበር። ለእነሱ ቴኒስ ማለት ሣር ነው፤ የቀረው ሁሉ «ሌላ» ነው። የፓሪሱ ሜዳ የሸክላ ነበር፤ ያው ናዳል በኋላ 14 ጊዜ የነገሠበት ዓይነት ማለት ነው። ኳሷ ሸክላ ስትነካ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ከፍ ብላም ትነጥራለች። በሣር ላይ አንድ ኃይለኛ ሰርቭ ነገሩን ሊጨርሰው ይችላል፤ እዚህ ግን ተጋጣሚህ ደርሶ ይመልስልሃል፣ አንተም ትመልሳለህ፣ እሱም ይመልሳል… እግርና ሳንባ የሌለው ሰው አይዘልቅም።

ውድድሩ የተጀመረው በ1912 ነው፤ ቦታው ከፓሪስ በስተምዕራብ በሚገኘው በሳን ክሉ መናፈሻ ውስጥ ያለው የስታድ ፍራንሴ ክለብ ሜዳ። የዚያን ጊዜ ቴኒስ ገና ዓለም አቀፍ ማኅበር አልነበረውም። ይህን ማኅበር ለማቋቋም ሲወተውቱ ከነበሩት አንዱ ስዊዘርላንድ ይኖር የነበረ ዱዌን ዊልያምስ የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያ ነው። ሰውዬው በሚያዝያ 1912 ከልጁ ከዲክ ጋር ወደ አሜሪካ ለመሄድ መርከብ ተሳፈረ። መርከቧ ታይታኒክ ነበረች። አባት ሞተ፤ ልጅ ከበረዷማው ውኃ ተርፎ ወጣ። ሐኪም እግሮችህ ይቆረጡ ቢለው እምቢ ብሎ፣ በእነዚያው እግሮች በ1914 እና በ1916 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። (ይህን ታሪክ እስካሁን ሆሊውድ ለብቻው ፊልም አለማድረጉ ይገርመኛል።)

የመጀመሪያው ዓመት የወንዶች ፍጻሜ ሁለት ጀርመኖችን አገናኘ፤ ኦቶ ፍሮይትዝሃይም ኦስካር ክሮይትዘርን አሸነፈ። ጀርመኖች ፓሪስ ውስጥ፣ በፈረንሳዮች ክለብ! ሁለት ዓመት ቆይቶ ምን እንደሚመጣ ለምናውቀው ለእኛ ይህ ነገር ይከብዳል። የሴቶቹን ፈረንሳዊቷ ማርጌሪት ብሮኬዲ ወሰደችው፤ በዚያው ዓመት ስቶክሆልም ሄዳም የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣች።

መጋቢት 1 ቀን 1913 የዊልያምስ ሕልም እሱ በሌለበት እውን ሆነ፤ የአሥራ ሁለት አገሮች ማኅበራት ፓሪስ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የሜዳ ቴኒስ ፌዴሬሽን መሠረቱ። ከዚያም ማዕረግ ማከፋፈል ተጀመረ። «የዓለም ሻምፒዮና» የሚባል ነገር ሦስት ሆነ። የሣር ሜዳው ለእንግሊዝ፣ ማለትም ለዊምብልደን፣ ያውም ለዘለቄታው ተሰጠ። የሸክላው የፓሪሱ ነው። ሦስተኛው፣ ጣሪያ ሥር የሚካሄደው፣ ከአገር አገር የሚዞር ሆነ። አሜሪካኖች አኮረፉ። አንድ አገር «የዓለም» የሚለውን ቃል እንደ ርስት ይዞ እንዴት ይኖራል ብለው አባል ሳይሆኑ ቀሩ። ይህችን ኩርፊያ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

1913 የአንድ ሰው ዓመት ነበር፤ የአንቶኒ ዊልዲንግ። ዊልዲንግ የኒው ዚላንድ ልጅ ነው፤ ካምብሪጅ የተማረ፣ መልከ መልካም፣ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቶ አገር ለአገር መዞር የሚወድ። በዚያ ዓመት በፓሪስ ፍጻሜ ፈረንሳዊውን አንድሬ ጎቤርን ረታ፣ ዊምብልደንን ወሰደ፣ ስቶክሆልም ላይ ደግሞ የጣሪያ ሥሩን ጨመረ። ሦስቱም የዓለም ማዕረጎች በአንድ ዓመት! እንዲህ ያደረገ ወንድ ከእሱ በፊት አልነበረም፤ ከእሱም በኋላ አልመጣም። በ1914 እንደገና ወደ ፓሪስ መጥቶ ኦስትሪያዊውን ፎን ዛልምን በሦስት ዙር አሰናበተውና ዋንጫውን ይዞ ሄደ።

በዚያው ሰኔ የሴቶቹን ያሸነፈችው ማን ናት? ግንቦት 24 ቀን 15 ዓመቷን የደፈነች ሱዛን ላንግሌን የምትባል ልጅ። አባቷ ሜዳው ላይ መሐረብ እያነጠፈ «ኳሷን እዚህ ላይ አሳርፊ» እያለ ያሠለጠናት ናት። በፍጻሜው ጀርሜን ጎልዲንግን አሸነፈች። በጥንድም ከኤልዛቤት ራያን ጋር ሆና ደገመች። በዚያው ዓመት በዝጉ የፈረንሳይ ሻምፒዮና ፍጻሜ በብሮኬዲ ተሸንፋ ነበር፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ 1914 የብሮኬዲ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሲጀመር ፍሮይትዝሃይምና ክሮይትዘር አሜሪካ ውስጥ፣ ፒትስበርግ ላይ ለጀርመን የዴቪስ ካፕ እየተጫወቱ ነበር። ከመረቡ ማዶ የቆመው ዊልዲንግ ነው። ጀርመኖቹ ተሸንፈው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተሳፈሩባትን መርከብ እንግሊዞች ጅብራልታር አካባቢ አስቆሙና ሁለቱን ማረኳቸው። የመጀመሪያው የፓሪስ ፍጻሜ ሁለቱ ባላንጣዎች ጦርነቱን በእስር አሳለፉ ማለት ነው። ዊልዲንግ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን ሆኖ ዘመተ። ግንቦት 9 ቀን 1915 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኦበር ሪጅ ውጊያ፣ የነበረበት ምሽግ በመድፍ ተመታ። 31 ዓመቱ ነበር። የተቀበረውም እዚያው ፈረንሳይ ነው።

ውድድሩ በ1920 ሲመለስ ጀርመኖች የሉም። ፈረንሳዊው ዊልያም ሎሮንዝ አሸነፈ፤ እሱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በወጣትነቱ ሞተ። በሴቶቹ እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሆልማን ዋንጫውን ወሰደች፤ ላንግሌን በዚያ ዓመት አልተጫወተችም።

የውድድሩ ትልቁ ዓመት ግን ለእኔ 1921 ነው። ለምን ቢሉ፣ አሜሪካኖች ፌዴሬሽኑን ቢያኮርፉም ተጫዋቾቻቸው አትላንቲክን ተሻግረው መጡ። ቢል ቲልደን በፍጻሜው ቤልጂጋዊውን ዣን ዋሸርን 6 ለ 3፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 3 አሸነፈው። ላንግሌን ደግሞ የአሜሪካዋን ሻምፒዮን፣ ትውልደ ኖርዌይዋን ሞላ ማሎሪን 6 ለ 2 እና 6 ለ 3 ረታች። ማሎሪ ቂሙን ይዛ ተመለሰች፤ በዚያው ክረምት ኒውዮርክ ላይ ሲገናኙ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 2 ወሰደች፣ በሁለተኛውም ስትመራ ላንግሌን እያሳለች ጨዋታውን አቋርጣ ወጣች። ከጦርነቱ በኋላ ላንግሌን በነጠላ የተሸነፈችው ያችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጋዜጦቹ እንዴት እንደተባሉባት መገመት አያቅትም።

በ1922 ውድድሩ ለአንድ ጊዜ ወደ ብራስልስ ሄደ። ኦንሪ ኮሼ አሸነፈ፤ ላንግሌን በነጠላ፣ በጥንድና በድብልቅ ሦስቱንም ጠራርጋ ወሰደች። በ1923 ወደ ሳን ክሉ ተመለሰ፤ አሜሪካዊው ቢል ጆንስተን ያንን ምስኪን ዋሸርን በአምስት ዙር አሸነፈ፣ ላንግሌንም ነጠላውን ደገመች። ከዚያ በኋላ ስምንተኛ አልመጣም። በአጠቃላይ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የተካሄደው።

ለምን ቆመ? ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ተጫዋች ጠፍቶም አይደለም። የዓለም ምርጦች እየመጡለት ነው የሞተው። የገደለው የአሜሪካኖቹ ኩርፊያ ነው። ፌዴሬሽኑ ያለ አሜሪካ ጎደሎ ነበርና በመጋቢት 1923 ተደራደሩ። አሜሪካኖች ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛ፣ «የዓለም ሻምፒዮና» የሚባለው ማዕረግ ይቅር። ሁለተኛ፣ የጨዋታው ሕግ «ለዘላለም በእንግሊዝኛ» ይጻፍ (ቋንቋው ፈረንሳይኛ እንዳይሆን ሰግተው ነው መሰለኝ)። ሁለቱንም አገኙ፤ አባል ሆኑ። በሦስቱ የዓለም ማዕረጎች ፋንታ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ሻምፒዮናዎች ዋነኞቹ ተብለው ተሰየሙ። ዛሬ አራቱ ግራንድ ስላም የምንላቸው ከዚያ ድርድር የወጡ ናቸው።

ዊምብልደን የጠፋበት አንድ ቃል ብቻ ነው። ሣሩም፣ ዋንጫውም፣ ዝርዝሩም አብሮት ቀረ። የፓሪሱ ውድድር ግን ከዚያ ቃል ሌላ ስም አልነበረውም። በ1924 ፓሪስ ኦሊምፒክ ስላዘጋጀች ለእሱ ቦታ ተለቀቀ። (በዚያ ኦሊምፒክ በድብልቅ ጥንድ ወርቅ ካገኙት አንዱ ያ ከታይታኒክ የተረፈው ዲክ ዊልያምስ ነው።) በ1925 ፈረንሳዮች ዝጉን ሻምፒዮናቸውን ለውጭ ተጫዋቾች ከፈቱት። የት እንደተካሄደ ልንገራችሁ? ሳን ክሉ፣ ስታድ ፍራንሴ ክለብ! ሬኔ ላኮስት በወንዶች፣ ላንግሌን በሴቶች አሸነፉ። ሜዳው ያው፣ ንግሥቲቱ ያችው፣ እንግዶቹም ከውጭ የሚመጡ።

እንግዲህ ፍረዱ። የ1925ቱ ውድድር ልጅነቱ ለማን ነው? እኔ ለዓለም ሻምፒዮናው ነው እላለሁ። ከዝጉ ሻምፒዮና የወረሰው ስሙን ነው፤ አካሉን የወረሰው ከሳን ክሉው ነው። የሮላን ጋሮስ ስም እንኳ ወደዚያው ክለብ ይመራል። በ1928 አዲሱ ስታዲየም ሲከፈት በጦርነቱ መጨረሻ የሞተው የአብራሪው የሮላን ጋሮስ ስም የተሰጠው ስታድ ፍራንሴ መሬቱን ሲለቅ የቀድሞ አባሉ ስም እንዲሰጠው ስለጠየቀ ነው።

በብዙዎቹ ዝርዝሮች ግን ከ1925 በፊት ያለው ረድፍ የተሞላው በዝጉ ውድድር አሸናፊዎች ነው። የደኩዢ ስምንት ዋንጫ ይቆጠራል፤ የዊልዲንግ ሁለት አይቆጠርም። ቲልደን በ1927 እና በ1930 ለፍጻሜ ደርሶ ስለተሸነፈ «ፓሪስን ያላሸነፈ ታላቅ» እየተባለ ይጻፍበታል፤ 1921ን ማን ያነሳለታል? አንዳንድ የቴኒስ ታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ሰባት ዓመታት ከትልልቆቹ ውድድሮች ጋር ይቆጥራሉ፤ የቴሌቪዥን ተንታኞች የሚያነቡት ዝርዝር ግን ያ አይደለም።

ላንግሌን ዝጉንም ከ1920 እስከ 1923 በተከታታይ ስላሸነፈች ስሟ አልጠፋም። ዛሬ የሮላን ጋሮስ የሴቶች ዋንጫ በስሟ ይጠራል፤ ሁለተኛው ትልቅ ሜዳም የእሷ ነው። ቢሆንም ዝርዝሩ ላይ ታሪኳ የሚጀምረው በ1920፣ በ21 ዓመቷ ነው። ለዚያ ቴኒስ አውቃለሁ ለሚለው ጓደኛችሁ ሁለተኛ ጥያቄ ጨምሩለት፤ «የፓሪስን ትልቅ ውድድር በልጅነቷ ያሸነፈችው ማን ናት?» በሉት። ስልኩ «ሞኒካ ሴሌስ፣ 1990፣ በ16 ዓመቷ» ይለዋል።