የአካል ጉዳተኞች የተሽከርካሪ ማቆሚያ ፈቃድ፦ ሕጋዊ መሠረቱና አሠራሩ

የአካል ጉዳተኞች የተሽከርካሪ ማቆሚያ ፈቃድ፣ ለመንቀሳቀስ የሚቸገር ሰው የሚያሽከረክረው ወይም የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ለዚሁ በተከለለና ለአገልግሎት መስጫው በር በቀረበ ቦታ እንዲቆም የሚያስችል ማስረጃ ነው። ዓላማው ባለፈቃዱን ከሌላው ተገልጋይ ማስበለጥ አይደለም። ሌላው ተገልጋይ በእግሩ በቀላሉ የሚያልፈው ርቀት አካል ጉዳተኛውን ከአገልግሎቱ እንዳያስቀረው ማድረግ ነው።

ጉዳዩ የታላላቅ ከተሞች ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ድብ ባሕር በሰሜን ጎንደር ከሊማሊሞ ዳገት በታች፣ ከደባርቅ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ነዋሪ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ወደሚገኙበት ደባርቅ ለመድረስ ጠመዝማዛውን የሊማሊሞ ዳገት መውጣት፣ ለከፍተኛ ሕክምና ደግሞ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር መግባት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ የዊልቸር ተጠቃሚ ከግቢው በር እስከ ቢሮው ደጃፍ ያለው የመጨረሻው 50 ሜትር ከተዘጋበት፣ ጉዞው በሙሉ ከንቱ ይሆናል።

ሕጋዊ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ያረጋግጣል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። ኮንቬንሽኑ የመኪና ማቆሚያን በስም ባይጠቅስም፣ በአንቀጽ 9 ሕንፃዎች፣ መንገዶችና ትራንስፖርት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ አካል ጉዳተኞች በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ ውጤታማ እርምጃ እንዲወሰድ ያስገድዳል። በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 5 ድንጋጌዎቹ በፌዴራል መንግሥታት ሁሉም ክፍሎች ያለ ምንም ገደብ ተፈጻሚ እንደሚሆኑ ተመልክቷል። በመሆኑም ግዴታው በፌዴራል ተቋማት የሚያበቃ ሳይሆን እስከ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ የሚዘልቅ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36፣ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው የሥራ አካባቢውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ተስማሚ እንዲያደርግ ኃላፊነት ሰጥቶታል። ከቢሮው በር አጠገብ የሚሰጥ የማቆሚያ ቦታ የዚህ ማመቻቸት አንዱ መልክ ሊሆን እንደሚችል ከድንጋጌው ዓላማ መረዳት ይቻላል።

ፈቃዱ ለሰው ወይስ ለተሽከርካሪ?

ፈቃዱን ሥራ ላይ ለማዋል በቅድሚያ መልስ የሚሻው ጥያቄ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በብርቱካንማ ካርድ ስትሠራ የቆየችው ብሪታኒያ በ2000 ሰማያዊውን ካርድ ተክታለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ1998 ለአባል አገሮች አንድ ዓይነት የማቆሚያ ካርድ አቅርቧል። በሁለቱም አሠራር ካርዱ የሚሰጠው ለታርጋ ሳይሆን ለሰው ነው። ባለካርዱ አሽከርካሪ ሆነ ተሳፋሪ፣ የገባበት መኪና የራሱ ሆነ የዘመድ ወይም የኪራይ፣ መብቱ አብሮት ይሄዳል። እርሱ ያልተሳፈረበት ተሽከርካሪ ግን በካርዱ መጠቀም አይችልም።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ተጨባጭ ሁኔታ ይበልጥ የሚስማማ ነው። በሰሜን ጎንደር የግል መኪና ያለው አካል ጉዳተኛ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚጓዘው በሚኒባስ፣ በባጃጅ ወይም በቤተሰብ ድጋፍ ነው። ፈቃዱ ለመኪና ባለቤቶች ብቻ ቢወሰን ከሁሉም የበለጠ የሚያስፈልጋቸውን ወገኖች ያስቀራል። የባጃጅ ተሳፋሪውም ለመውረድ የሚያስፈልገው በር ድረስ መቅረብና የጥቂት ደቂቃዎች ማቆሚያ ነው።

የቦታው ብዛት፣ ስፋትና አቀማመጥ

ቦታው በመሬት ላይ በሚሳል ቀለምና ከፍ ብሎ በሚተከል ምልክት ይለያል። በሰማያዊ መደብ ላይ የዊልቸር ተጠቃሚን በነጭ የሚያሳየው ዓለም አቀፍ ምልክት፣ ዴንማርካዊቷ የዲዛይን ተማሪ ሱዛነ ኮፎድ እ.ኤ.አ. በ1968 ካዘጋጀችው ንድፍ የመጣ ነው።

በመጠን ረገድ ለመነጻጸሪያ የሚሆነው የአሜሪካ ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት እስከ 25 መኪና በሚይዝ ማቆሚያ ቢያንስ 1፣ ከ26 እስከ 50 በሚይዝ 2፣ ከ51 እስከ 75 በሚይዝ 3፣ ከ76 እስከ 100 በሚይዝ 4 ቦታ ለአካል ጉዳተኞች ይከለላል። ለሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎችና ጎብኚዎች ከሚዘጋጀው ማቆሚያ ደግሞ 10 በመቶው ለዚሁ ይውላል። የአንድ መኪና ቦታ ስፋት 2.44 ሜትር ሲሆን፣ ከጎኑ 1.52 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መተላለፊያ ይተዋል። መተላለፊያው ከሌለ የመኪናው በር ቢከፈትም ዊልቸር አውርዶ መዘርጋት አይቻልም።

የቦታው ተዳፋት ከ48 አንድ እጅ መብለጥ የለበትም። ይህ መስፈርት እንደ ጎንደር ባሉ ዳገታማ ከተሞች ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ዊልቸር በተዳፋት ላይ ይንሸራተታልና። በር አጠገብ ያለው መሬት ተዳፋት ከሆነ፣ ትንሽ ራቅ ቢልም ደልዳላ ሆኖ ያለ ደረጃ እስከ መግቢያው የሚያደርስ ቦታ መምረጥ የተሻለ ይሆናል። መተላለፊያውን በቱቦ ክዳን፣ በድንጋይ ክምር ወይም በአበባ ማስቀመጫ መዝጋት ቦታውን ከነጭራሹ ጥቅም አልባ ያደርገዋል።

አላግባብ መጠቀምን ስለመከላከል

ፈቃድ በተሰጠበት ሁሉ አላግባብ መጠቀም መኖሩ የታወቀ ነው። ይህን ለመከላከል በካርዱ ላይ የባለፈቃዱ ፎቶግራፍ፣ መለያ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን እንዲሰፍር ይደረጋል። ካርዱም በመኪናው የፊት መስታወት ከውጭ በሚታይ ሁኔታ ይቀመጣል።

በሌላ በኩል ተቆጣጣሪው ከመልክ በመነሣት መፍረድ አይኖርበትም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከመኪናው ቆሞ ቢወርድም ረጅም ርቀት መራመድ ላይችል ይችላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ በዓይን የማይታይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎችም በካርዱ ተጠቃሚ እንዲሆኑ መደረጉ ይህንኑ ከግምት ያስገባ ነው። ስለሆነም ማረጋገጫው የሐኪም ማስረጃና በእጅ ያለው ካርድ እንጂ የጥበቃ ሠራተኛው ግምት ሊሆን አይገባም።

ከተቋማት የሚጠበቅ

ተቋማት በግቢያቸው ውስጥ የሚወስዷቸው አብዛኞቹ እርምጃዎች ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። ከእነዚህም መካከል የሚከተሉት ይጠቀሳሉ፦

1. ለዋናው በር የቀረበውንና ደልዳላውን ቦታ መለየት። በበርካታ ግቢዎች ይህ ቦታ ለኃላፊዎች መኪና የሚያዝ በመሆኑ ውሳኔው የኃላፊውን በጎ ፈቃድ ይጠይቃል።

2. ቦታውን በቀለምና በምልክት መለየት፤ ከጎኑም መተላለፊያ መተው።

3. አካል ጉዳተኛ የጫነ ባጃጅ ወይም ታክሲ እስከ መግቢያው እንዲደርስ ለጥበቃ ሠራተኞች በጽሑፍ መመሪያ መስጠት። የቃል ትእዛዝ በየፈረቃው ይዘነጋል።

4. ከቦታው እስከ አገልግሎት መስጫው መስኮት ያለውን መንገድ ከዊልቸር ተጠቃሚ ጋር ሆኖ መፈተሽ።

5. በበዓላትና በስብሰባ ቀናት ግቢው ወይም መንገዱ ለተሽከርካሪ ሲዘጋ ተለዋጭ ማውረጃ ቦታ አስቀድሞ ማሳወቅ።

ሕንፃው መወጣጫ፣ ቢሮው ቅን ሠራተኛ ቢኖረውም፣ አካል ጉዳተኛው ከግቢ ውጭ ከቀረ የተሟላ አገልግሎት ተሰጥቷል ማለት አይቻልም። የተከለለው ቦታ ትርጉም የሚኖረው ከድብ ባሕር ሊማሊሞን ወጥቶ የመጣው ባለጉዳይ ጉዳዩን ጨርሶ ሲመለስ ነው።