ደም ሳይረጋ እንዲቆይ ያስቻለው ጨው፦ የሶዲየም ሲትሬት ታሪክ

ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የደም ዓይነቶችን ለይተው ካሳወቁ በኋላም ቢሆን፣ ከሰው ወደ ሰው ደም ማስተላለፍ እጅግ አዳጋች ሆኖ ቆይቷል። ደም ከሰውነት በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚረጋ፣ የለጋሹን ደም ቅዳ ቧንቧ ከተቀባዩ ደም መልስ ቧንቧ ጋር በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ያስፈልግ ነበር። በዚህ ዘዴ የተላለፈውን የደም መጠን በትክክል መለካት አይቻልም ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያስገኘው ሶዲየም ሲትሬት የተባለው ጨው ነው። ይህ ጨው በደም ውስጥ ያለውን ነፃ ካልሲየም ይይዛል፤ ደም ደግሞ ያለ ካልሲየም አይረጋም። ይሁን እንጂ ካልሲየም ለልብ ሥራም አስፈላጊ በመሆኑ፣ ጨውን ወደ ሰው ሥር መስጠት አደገኛ ነው የሚል ሥጋት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1914 አልበር ሁስታን በብራስልስ፣ ሉዊስ አጎቴ በቦነስ አይረስ ሲትሬት የተቀላቀለበት ደም ለሕሙማን ሰጡ። በ1915 ሪቻርድ ሌዊሶን በኒውዮርክ 0.2 በመቶ ብቻ በቂና ከአደጋ የራቀ መሆኑን አረጋገጡ። በ1916 ፔይተን ራውስና ጆሴፍ ተርነር ግሉኮስ ሲጨመርበት የደም ሴሎች ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆዩ አሳዩ። ኦስዋልድ ሮበርትሰን በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር አስቀድሞ የተቀዳ ደም ለቁስለኞች አደረሱ። የደም ባንክ መሠረት በዚህ ተጣለ።

ነገር ግን ሲትሬት የተጨመረበት ደም የወሰዱ ብዙ ሕሙማን ብርድ ብርድ ይላቸውና ያተኩሳቸው ስለነበር፣ አንዳንድ ሐኪሞች ጨውን ተጠያቂ አደረጉ። ሌዊሶንና ናታን ሮዘንታል በ1933 መንሥኤው ጨው ሳይሆን በሚገባ ያልጸዳ መሣሪያ መሆኑን አስረዱ።

ዛሬም ሲትሬት በደም ከረጢቶች ውስጥ ይገኛል። ጤናማ ጉበት ፈጥኖ ይለውጠዋል። ብዙ ደም በአጭር ጊዜ ሲሰጥ ወይም ጉበት ሲታመም ግን የካልሲየም መጠን ሊያሽቆለቁል ይችላል። ስለዚህ የከንፈር መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር ወይም የልብ ምት መዛባት የታየበትን ሕመምተኛ ካልሲየም መመርመርና እንደ አስፈላጊነቱ መተካት የሐኪም ግዴታ ነው።