ሳችሞ በቤቱ

የጃዝ ሙዚቀኛው ሉዊስ አርምስትሮንግ በዓመት 300 ሌሊት ገደማ የሚያሳልፈው መድረክና መንገድ ላይ ነበር። ከትራምፔቱና ከነጫጭ መሐረቦቹ ሌላ ሁለት ዕቃዎች ከጓዙ አይጠፉም፤ አንዱ የጽሕፈት መኪና ነው፣ ሌላው በ1950 መጨረሻ የገዛው ባለ ሪል ቴፕ። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ትርዒቱ አልቆ አድናቂው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ የሌሊቱ ሥራ ይጀምራል። ለወዳጆቹ ረጃጅም ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከሸክላ ወደ ቴፕ ይገለብጣል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚወራውንም ይቀዳል።

ሲሞት ከ600 በላይ ሪሎች ትቶ አልፏል። ዓለም የሚያውቀው ጥርሱን ገልጦ የሚስቀውንና ላቡን በመሐረብ የሚጠርገውን፣ በቅጽል ስሙ «ሳችሞ» የተባለውን ሰው ነው። ጠንቃቃውን አድማጭና የራሱን ታሪክ በራሱ እጅ የሰነደውን ሰው ለማግኘት ግን ወደ እነዚህ ሪሎች መሄድ ያስፈልጋል።

ሣጥኖቻቸው ራሳቸው መታየት ያለባቸው ናቸው። እያንዳንዱ ከጋዜጣ በተቆረጠ ፎቶ፣ በቴሌግራም፣ በመልካም ምኞት ካርድ፣ በወዳጅ ምስል ተሸፍኗል። አርምስትሮንግ ቁራጮቹን በመቀስ እየከረከመ ያቀናጃቸዋል፣ ከዚያ ግልጽ ፕላስተር ደራርቦ ይለጥፍባቸዋል፤ ፊታቸው እንደ ቫርኒሽ ያብረቀርቃል። በዚህ መንገድ ያሸበረቃቸው ከ500 ይበልጣሉ። በአንድ ወቅት የክፍሉን ግድግዳም መለጠፍ ጀምሮ ነበር፤ ባለቤቱ ሉሲል ግን አልወደደችለትም።

በቴፑ ላይ የተቀዳው ሁሉ ጃዝ አይደለም። አርምስትሮንግ ገና ጎረምሳ ሳለ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ግራሞፎን ገዝቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ መካከል የኤንሪኮ ካሩሶ፣ የአሜሊታ ጋሊ ኩርቺና የሉይዛ ቴትራዚኒ የኦፔራ ዜማዎች እንደነበሩ ራሱ ጽፏል። አየርላንዳዊውን ጆን ማኮርማክን ደግሞ በዜማ አከፋፈሉ ያደንቀው ነበር። ኋላ በሶሎዎቹ መካከል ከቨርዲ «ሪጎሌቶ» የተወሰዱ የዜማ ቁራጮች ብቅ ይላሉ። በ1928 የተቀረጸውን የ«ዌስት ኤንድ ብሉዝ» መግቢያ፣ ትራምፔቱ ያለ አጃቢ ብቻውን የሚወጣበትን ማለት ነው፣ ካሩሶን በልቡ ይዞ ለሚያዳምጥ ሰው ምንጩን መገመት አይከብድም።

ሃያሲዎችን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ለጋይ ሎምባርዶ የነበረው ፍቅር ነው። የሎምባርዶ ኦርኬስትራ ለስላሳ የዳንስ ሙዚቃ የሚጫወት ነበር፤ የጃዝ አክራሪዎች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። አርምስትሮንግ ግን በ1920ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር እሑድ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ይከታተለው ነበር፣ እስከ እርጅናውም አድናቆቱን አልደበቀም። የሃያሲዎቹ ፍርድ ሚዛን የሳተ ነው። እሱ ሎምባርዶ ዘንድ የሰማው ዜማውን ሳያበላሽ ጥርት አድርጎ የሚጫወት ባንድ ነው፤ በራሱ አጨዋወትም ዜማው ምንጊዜም ከጌጡ ይቀድም ነበር።

ይህ ጆሮ የተሠራው መንገድ ላይ ነው። አርምስትሮንግ የተወለደው ነሐሴ 4 ቀን 1901 ነው፤ እሱ ራሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሐምሌ 4 ቀን 1900 እንደተወለደ ነበር የሚያምነው። ገና ልጅ ሳለ ከሊቱዌንያ ለመጡት አይሁድ፣ ለካርኖፍስኪ ቤተሰብ ተቀጠረ። ቀን ቀን በጋሪ እየዞሩ እንደ ቁራሌው ጨርቅና ጠርሙስ ይሰበስባሉ፣ ማታ የድንጋይ ከሰል ይሸጣሉ። ልጁ ጋሪው ላይ ተቀምጦ በቆርቆሮ ጥሩምባ ደንበኛ ይጠራል። የመጀመሪያ ኮርኔቱን የገዛውም ከእነሱ በተበደረው ገንዘብ ነው። አድጎ የዳዊትን ኮከብ አንገቱ ላይ አሠረ፣ በ1969 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለም ስለዚህ ቤተሰብ ረጅም ትዝታ በእጁ ጻፈ። በልጅነቱ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሽጉጥ በመተኮሱ ማረሚያ ቤት ሲገባም ኮርኔቱን በወጉ የሚያስተምረው ሰው አገኘ። በ1922 የባንድ መሪው ኪንግ ኦሊቨር ወደ ቺካጎ ጠራው፤ የቀረውን ታሪክ ማንኛውም የጃዝ መጽሐፍ ይተርካል።

ቤት የሚባል ነገር ግን ዘግይቶ ነው ያገኘው። በ1942 አራተኛ ሚስቱን፣ የኮተን ክለብ ዳንሰኛ የነበረችውን ሉሲል ዊልሰንን አገባ። የዚያን ዓመት ገና መንገድ ላይ ነበሩና ሉሲል የሆቴሉ ክፍል ውስጥ ትንሽ የገና ዛፍ አቆመች። አርምስትሮንግ በ41 ዓመቱ የራሱ የሚለው የገና ዛፍ ሲኖረው የመጀመሪያው ነበር። በዓሉ ቢያልፍም ዛፉ እንዲጣል አልፈቀደም፣ ከከተማ ከተማ ይዘውት እንዲሄዱ ለመናት። በቀጣዩ ዓመት እሱ በጉዞ ላይ ሳለ፣ ሉሲል ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ኮሮና ከሚባለው ሰፈር ቤት ገዛች። አርምስትሮንግ በታክሲ ደጁ ላይ ሲደርስ ቤቱ የራሱ መሆኑን ማመን አቅቶት ሾፌሩን ቆይ አለው።

የቤቱ ምግብ ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ነበር። ሉሲልን ከማግባቱ በፊት ይህን መሥራት ትችል እንደሆነ ጠይቋታል፤ ደብዳቤዎቹንም በዚሁ ምግብ ስም ይፈርም ነበር። ስለ ሆድ ጤና ያለው እምነትም የዚያኑ ያህል ጽኑ ነበር። እናቱ ሜይአን በዕፅዋት ሆድን ማጠብ በልጅነቱ አስተምራዋለች፤ ካደገ በኋላ «ስዊስ ክሪስ» የተባለ ሆድ የሚያለሰልስ ቅጠል አገኘና ላገኘው ሰው ሁሉ ያድል ጀመር። ኮሶ በየሁለት ወሩ በሚጠጣበት ቤት ያደገ አንባቢ የእናቲቱን ምክር ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ከንፈሩ የዕለት ተዕለት ሥቃዩ ነበር። ለአሥርት ዓመታት ከፍተኛ ድምፅ በኃይል ማውጣት ከንፈሩን ሰነጣጥቆ ጠባሳ አድርጎበታል፤ የጠጠረውን ቆዳ ራሱ የሚልጥበት ጊዜ ነበር። ከጀርመን ማንሃይም የሚያስመጣው ቅባት ከእጁ አይለይም፤ ሠሪው ፍራንስ ሹሪትስ ኋላ ቅባቱን በአርምስትሮንግ ስም ሰይሞታል።

ገንዘብ ካገኘ በኋላ ሉሲል ወደ ሰፊ ግቢ እንዲዛወሩ ብትጠይቀውም እምቢ አለ። ኮሮና የሠራተኛ ሰፈር ነበር፤ ጥቁሩም ጣሊያኑም ጎን ለጎን ይኖርበት ነበር። ከጉዞ ሲመለስ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፣ የሰፈር ልጆች ይከቡታል፣ አይስክሬም ይገዛላቸዋል። የቤቱን ፊት በጡብ ሲያስለብስም ለጎረቤቶቹ በራሱ ወጪ ሊያሠራላቸው ጠይቋል። ትራምፔተኛው ዲዚ ጊሌስፒም ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ይኖር ነበር። ጊሌስፒ በወጣትነቱ የአርምስትሮንግን ፈገግታ ነጮችን ማስደሰቻ ነው ብሎ ነቅፎት ነበር፤ በ1979 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ግን ያንን ፈገግታ ዘረኝነት ደስታውን እንዲነጥቀው ያልፈቀደ ሰው ፈገግታ እንደሆነ ዘግይቶ መረዳቱን ጻፈ።

አርምስትሮንግ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። በመስከረም 1957 በአርካንሳስ ግዛት ሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲከለከሉ፣ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ለአንድ ወጣት ጋዜጠኛ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን በጠንካራ ቃል ወቀሰ፤ መንግሥት ያሰበለትን የሶቪየት ኅብረት ጉዞም አልሄድም አለ። አይዘንሃወር ጦር የላከው ከዚያ በኋላ በቀናት ልዩነት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ለመናገር የደፈረ የእሱን ያህል ዝነኛ ሙዚቀኛ ጥቂት ነው፤ እሱም ሥራውን አደጋ ላይ እንደሚጥል እያወቀ ነው የተናገረው።

ልቡና ኩላሊቱ ከደከሙ በኋላ ሐኪሞቹ ትራምፔቱን ሲከለክሉት ወደ ቴፖቹ ዞረ። ሪሎቹን እንደገና ቁጥር ሰጣቸው፣ የያዙትንም በእጁ ዘረዘረ። አንዱ ላይ በ1923 ከኪንግ ኦሊቨር ባንድ ጋር ከቀረጻቸው ሸክላዎች ጋር አብሮ ሲጫወት ይሰማል፤ ሌላው ላይ ሉሲል መቅጃውን እንዲያጠፋ ትነግረዋለች። በመጋቢት 1971 ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ሁለት ሳምንት ተጫወተ፤ ሐምሌ 6 ቀን እዚያው ኮሮና ቤቱ ውስጥ እንደተኛ አረፈ።

ሉሲል በ1983 እስክትሞት ድረስ ቤቱን ጠበቀችው። በ1991 የኩዊንስ ኮሌጅ ሠራተኞች ሣጥኖቹን መመዝገብ ጀመሩ፣ በ2003 ቤቱ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፣ በ2018 ደግሞ ክምችቱ በኢንተርኔት ለሕዝብ ቀረበ። በ2022 የሳቻ ጄንኪንስ ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ ታሪኩን በአብዛኛው የሚተርከው አርምስትሮንግ ራሱ ነው፣ ከእነዚያው ሪሎች በተወሰደ ድምፅ።