የሚዘዋወረው ጓሮ፤ ስለ ባሌ ደጋ ሞናና ስለ ቤት ኑሮ ታሪክ

የዌብ ወንዝ ምንጮቹን ከባሌ ተራሮች ሰብስቦ የደጋውን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ወደ ምሥራቅ እየወረደ ይሄድና ሶፍ ዑመር ላይ ከዋሻ ይገባል። ዋሻው መተላለፊያዎቹ ሁሉ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ውኃው የኖራውን ድንጋይ ሲሰረስር ኖሮ ያቆማቸው አዕማድ እጅግ ድንቅ ስለ ሆኑ፥ ወደዚያ የደረሰ ተጓዥ ሁሉ ብዕሩን የሚያነሣው ስለ ድንጋዩ ለመጻፍ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 በዚያ ሲያልፍ የማረከው ይኸው ነበር። ከዋሻው በላይ ግን፥ ዌብና ገባሮቹ በሚያጠጡት በዲንሾ፥ በሮቤ፥ በጎባና በጎሮ አገር፥ ሰው በገዛ ደጁ ምን አብቅሎ ምን ይበላ እንደ ነበር የሚናገር ጽሑፍ ጥቂት ነው።

ለዚህ ጉድለት አንዱ ምክንያት የእኛ የአጥኚዎች አመዳደብ ይመስለኛል። የደቡብ ኢትዮጵያን ሕዝብ ስንከፋፍል እንሰት ተካዩን ከአንድ ወገን፥ ከብት አርቢውን ከሌላ ወገን እናቆማለን። የጌዴኦና የሲዳማ ሰው ባለ ጓሮ ይባላል፤ የባሌ አርሲ ኦሮሞ ግን ባለ ከብት ተብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሪያድ ላይ በተሰበሰበ ጊዜ የጌዴኦን መልክዐ ምድርና የባሌ ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ጉባኤ መዘገበ። ጌዴኦ የተመዘገበው በሰው እጅ ሥራ፥ ባሌ ደግሞ በተፈጥሮው ነው። በጉባኤው ውሳኔ አልከራከርም፤ ቀይ ቀበሮውና የደጋው አስታ ክብራቸው ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ባሌ ጓሮ የሌለው አገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። የባሌ ጓሮ ያልታየው በአንድ ቦታ ረግቶ ስለማይኖር ነው።

«ሞና» በኦሮምኛ የከብት በረት ማለት ነው። በባሌ ደጋ ግን ቃሉ ከዚህ የሰፋ ነገር ይዟል። ባለ ቤቱ ከቤቱ አጠገብ አንድ ቦታ ያጥርና ከብቱን ሌሊት ሌሊት በዚያ ያሳድራል። ወራት ካለፉ በኋላ መሬቱ በእበትና በሽንት ጠግቦ፥ በሰኮናም ተረግጦ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ከብቱ ወደ ሌላው አጥር ይዛወርና አሮጌው ሞና ተገልብጦ ገብስ ይዘራበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ተራው ይለወጣል፤ የገብሱ ቦታ በረት፥ የበረቱ ቦታ ማሳ ይሆናል። እንግዲህ ላሚቱ የምትተኛበትና እህሉ የሚበቅልበት መሬት አንድ ነው፤ የሚለየው ዘመኑ ብቻ ነው። ፍግ ተሸክሞ ወደ እርሻ መውሰድ የሚባለው ድካም እዚህ የለም፤ ፍጉ ባለበት ተቀምጦ እርሻው ወደ እርሱ ይመጣል።

ይህን የእርሻ ሥርዐት የሚያግዘው የዝናቡ አመጣጥ ነው። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጭዳል። አንዱ ወቅት «ገና» ይባላል፤ ስሙ ከልደት በዓል ጋር አይገናኝም። በመጋቢትና በሚያዝያ ተዘርቶ ክረምት ላይ ይነሣል። ሁለተኛው «ቦና» ነው፤ በክረምት ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር ይታጨዳል። በደጅ ያለው የሞና ገብስ ከሩቁ ማሳ ይልቅ በቅርብ የሚጠበቅ፥ በቅርብም የሚቀመስ ነው፤ ጎተራው በጎደለ ወር ቤተ ሰቡ ዓይኑን የሚጥለው በእርሱ ላይ ነው። በአጥሩ ጥግ ፍጉ በተከማቸበት ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይተከላል። በዲንሾ አቅራቢያ ያነጋገርኋቸው አንድ አዛውንት የአባታቸውን ሞናዎች ቦታ በሣሩ ልምላሜ ብቻ እየለዩ አሳዩኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ መስክ ነበር፤ እርሳቸው ግን በየት በኩል በር እንደ ነበረው ጭምር ያውቁ ነበር።

ከብቱ ዓመቱን ሙሉ በደጅ አይቆምም። «ጎዳንቱ» በሚባለው ልማድ መንጋው እንደ ወቅቱ ወደ ላይኛው መስክ ወይም ወደ ሐረና ደን ይነዳል፤ ማዕድን ያለበትን የሆራ ውኃም በየጊዜው ይጠጣል። ለወተት የሚፈለጉት ላሞች ግን ከጥጆቻቸው ጋር በቤት ይቀራሉ። ስለዚህ ሞናው ባዶውን አያድርም፤ የሚያሳድሩትም በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያሉት ላሞች ናቸው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ወተትና ቅቤ የባለቤቲቱ ድርሻ ነው። ስትዳር የምትቀበለው የሲንቄ በትር የክብሯ ምልክት ሲሆን፥ ይህንን ድርሻዋንም የሚያስከብርላት እርሱ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጭና በቅቤ ሲለወስ ጩኮ ይሆናል፤ ጩኮ ለመንገደኛ ስንቅ፥ ለእንግዳም መስተንግዶ ነው። ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ቡና ቀላ ይባላል። የወተቱ ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ከእነዚህ መካከል ከደጅ ውጭ የሚመጣው ቡናው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከተራራው ማዶ ከሐረና ደን የሚለቀም የጫካ ቡና ነው።

ይህን ስል ግን የባሌ ቤት ከጎረቤቱ ምንም ሳይፈልግ ይኖር ነበር ማለቴ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጻፈው ዓረባዊው አል ዑመሪ በካይሮ ከሼህ ዐብደላ ዘይለዒ ሰምቶ እንደ መዘገበው፥ በጊዜው የነበረው የባሌ መንግሥት ከጎረቤቶቹ ይልቅ ምድሩ ለምለም፥ አየሩም የተሻለ ነበር። ገንዘብ አልነበረውም፤ ሰው ከብትን፥ በግንና ልብስን እየተለዋወጠ ይገበያይ ነበር። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። በቤቱ የበቃው ሰው የሚለውጠው ነገር ስላለው የገንዘብ አለመኖር አላስጨነቀውም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሆነው ታላቅ የሕዝብ መዘዋወር ባሌ ሌላ ታሪክ ጀመረ፤ የልውውጡ መንገድ ግን የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ ቀጠለ። የደጋው ገብስና ቅቤ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጎሮና በጊኒር በኩል ድንብላል፥ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ይገኛል፤ ጊኒርም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደጋውን ከሶማሌ ቆላ የሚያገናኝ ገበያ ነበረ።

በዚህ መንገድ ላይ ሶፍ ዑመር የተቀደሰ ስፍራ ሆኖ ይገኛል። ሼህ ሶፍ ዑመር በዋሻው ተጠልለው እንደ ኖሩ ይነገራል፤ ከእርሳቸው አስቀድሞም ቦታው የጥንቱ እምነት ተከታዮች የሚያከብሩት ነበር። ወደ ሶፍ ዑመርና ወደ ድሬ ሼህ ሑሴን የሚጓዙት ጋሪባዎች ጫፉ መንታ የሆነውን በትር ይዘው በእግር ሲሄዱ፥ የሚያበላቸው በመንገዱ ዳር ያለው ቤት ነው። ስለዚህ የአንድ ቤት መብቃት የሚለካው የራሱን ቤተ ሰብ በመመገቡ ብቻ አልነበረም፤ ያልታሰበ እንግዳ በመጣ ጊዜ የሚቀርብ ትርፍ መኖር ነበረበት። የበቃ ቤት ማለት በባሌ ይህ ነው።

የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመጣ በኋላ ጎባ የጦር ሰፈር፥ ኋላም ከተማ ሆነች። የሰሜን ሰው ከእርሱ ጋር የራሱን ዓይነት ጓሮ አመጣ። ይህም ጌሾው፥ ጤና አዳሙና በሶ ብላው በአንድ ቅጥር ውስጥ ረግቶ የሚኖርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ወደ ኢትዮጵያ አስገባው የሚባለው ድንችም በጊዜው ባሌ ደርሶ በደጋው አፈር ተስማማ።

ከባዱ ነገር የመጣው ከመሬት አቆጣጠር ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ መሬቱ በባሌ እየተለካ ግብር ሲተመን፥ መለኪያው የሚያውቀው ረግቶ የሚቀመጥ ባለ ድንበር ማሳን ነበር። በየጊዜው ቦታ የሚለውጥ ሞና፥ መንጋ እስኪመለስ ባዶ የሚቆይ መስክ፥ በመዝገብ ላይ ጠፍ ይመስላል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ለቆየው የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ የመሬትና የግብር በደል ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የባለ መሬቱንና የጭሰኛውን ነገር አስቀረ። ነገር ግን ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከሆነው ከሶማሊያ ወረራ በኋላ ባሌ የመንደር ምሥረታ አስቀድሞ ከተካሄደባቸው አገሮች አንዱ ሆነ፤ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ሕዝብም በመስመር ወደ ተሠሩ መንደሮች ተሰበሰበ። ኋላ በመላው አገር በወጣው መመሪያ ለአንድ ቤተ ሰብ ለቤቱና ለጓሮው የተመደበው 1,000 ካሬ ሜትር ነበር። መመሪያውን ያወጡት ሰዎች ጓሮን አልረሱም፤ የጻፉት ግን ስለ ረጊው ጓሮ ነው። በ1,000 ካሬ ሜትር ላይ ቤት ተሠርቶ፥ በረት ታጥሮ፥ ለበረቱ ተለዋጭ የሚሆን ሁለተኛ ሞና ከወዴት ይገኛል? በመንደሩ ፍግ ተከመረ፤ ማሳው በሩቅ ተራበ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ብዙዎች መንደሩን ትተው ተመለሱ፤ ሲመለሱ ግን መስኩ እንደ ቀድሞው ሆኖ አልጠበቃቸውም።

የሲናና ሜዳ የስንዴ አገር ሆኖ ነበርና። የመንግሥት እርሻው፥ ከዚያም በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከል፥ ኋላም የኮምባይን ማጨጃው ባሌን ከአርሲ ጋር የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ አደረጉት። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በከተማ ተቀምጦ ዳቦውን እየበሉ ስንዴውን መንቀፍ ነውር ይመስለኛል። ሆኖም መስኩ ሲታረስ ከብቱ አነሰ፤ እንጨት በራቀበት ሜዳ ደግሞ ከቀረው ከብት የሚገኘው እበት ኩበት ሆኖ እሳት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፍጉ የሚገባው አፈር የሚቀበለው ከከረጢት የሚወጣውን ማዳበሪያ ነው፤ ለእርሱም ገንዘብ ያስፈልጋል።

ከላይ በተራራው በኩል ችግሩ ሌላ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲመሠረት ወሰኑ ውስጥ ሞና ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በጥበቃ ጽሑፎች ውስጥ ስማቸው የሚነሣው ብዙውን ጊዜ እንደ ሸክም ነው። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት የሌማት ትሩፋት የሚል ዘመቻ ጀምሮ ሰው በደጁ ዶሮ፥ ወተትና ማር እንዲያገኝ ሲቀሰቅስ፥ ነገሩ ለባሌ እንደ አዲስ ትምህርት መቅረቡ ትንሽ ያስገርማል። በሮቤ ዳር፥ ከስንዴው ማሳና ከቆርቆሮው ቤቶች መካከል፥ ሁለት ላም ብቻ ያላቸው አንዲት እናት በረታቸውን በየዓመቱ ጥቂት እርምጃ ያዛውራሉ። ካስማው ተነቅሎ በተወበት ቦታ ባየሁበት ዓመት ድንች ነበረ፤ ከድንቹ ወዲያ፥ አምና ድንች በነበረበት መሬት ላይ፥ ላሞቹ ተኝተው ያመሰኩ ነበር።